ጳጉሜን በየትኛው ዓይነት ይቀመጣል? በኤስኪውኤል የራስን ፈንክሽንና የዳታ ዓይነት ስለ መፍጠር



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው። በኤስኪውኤል ዳታቤዝ ውስጥ ተጠቃሚው ራሱ ስለሚፈጥራቸው ፈንክሽኖች፣ እንዲሁም እነዚህ ፈንክሽኖች ስለሚቀበሏቸውና ስለሚመልሷቸው የዳታ ዓይነቶች እናገራለሁ። ጉዳዩን ትእዛዝ በትእዛዝ ዘርዝሮ ማለፍ ይቻላል፤ የየሶፍትዌሩ መመሪያ ይህን ስለሚያደርግ እኔ ልደግመው አልፈልግም። ይልቁንም አንድ ምሳሌ ብቻ ይዤ እስከ ሥሩ ድረስ ልከተለው አስቤአለሁ። ምሳሌውም የገዛ ራሳችን የዘመን አቆጣጠር ነው።

የምከራከርለት ነጥብ ይህ ነው፦ አንድን ፈንክሽን ስንፈጥር አብዛኛውን ጊዜያችንን የምናጠፋው በአካሉ፣ ማለትም በስሌቱ ላይ ነው። ነገር ግን ብዙ ዘመን የሚኖረው፣ ሲበላሽም ድምፅ ሳያሰማ የሚበላሸው የዓይነት መግለጫው ነው። ምን ዓይነት ይቀበላል? ምን ዓይነት ይመልሳል? ለተመሳሳይ ግቤት ሁልጊዜ ተመሳሳይ ውጤት እሰጣለሁ ብሎ ቃል ይገባል ወይስ አይገባም? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በአንድ መስመር ይመለሳሉ። ያ መስመር ደግሞ በተማሪዎቻችን የመመረቂያ ፕሮጀክቶች ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሳይታሰብበት የሚጻፍ መስመር ነው።

ችግሩን ከሠንጠረዡ እንጀምር። በአገራችን በብዙ መሥሪያ ቤቶች፣ ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች ቀን የሚነገረውም የሚጻፈውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ዳታቤዙ ግን ዴት የሚባል አንድ ዓይነት አለው፤ የኤስኪውኤል ስታንዳርድም ይህ ዓይነት የጎርጎርዮስን አቆጣጠር እንዲከተል ደንግጓል። ታዲያ ፕሮግራመሩ ምን ያደርጋል? ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ ወስዶ ዴት በሆነው ዓምድ ውስጥ ያስገባዋል። የካቲት 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲገባ ወሩ ስድስተኛ ስለ ሆነ ማሽኑ ጁን 30 ቀን 2014 ብሎ ይቀበለዋል። ስሕተት አይልም፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም።

እስኪ አንድ ሙሉ ዓመት እንቁጠር። ከ2014 ዓ.ም. 365 ቀናት ውስጥ ማሽኑ እንቢ የሚለው ስንቱን ነው? ጥቅምት ሁለተኛ ወር በመሆኑ ፌብሯሪ ይሆናል፤ የጎርጎርዮስ 2014 ደግሞ ባለ 28 ቀን ፌብሯሪ ነው። ስለዚህ ጥቅምት 29 እና ጥቅምት 30 አይገቡም። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ስለሌለም አምስቱ የጳጉሜን ቀናት አይገቡም። በድምሩ 7 ቀናት ናቸው። የቀሩት 358 ቀናት ያለ ምንም ተቃውሞ ይገባሉ፤ ሁሉም ግን ሌላ ቀን ሆነው ነው የሚቀመጡት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማሽኑ ሁሉንም እንቢ ቢል ኖሮ ችግሩ በመጀመሪያው ሰዓት ይታወቅ ነበር። አብዛኛውን መቀበሉ ነው አደጋው።

እነዚያ እንቢ የተባሉት ቀናት ምን ይሆናሉ? አንድ ጊዜ በተመለከትሁት የምዝገባ ዳታቤዝ ውስጥ በጳጉሜን የተወለደ አንድም ሰው አልነበረም። መዝጋቢዎቹ ሥራቸው እንዳይቆም ሲሉ አንዱን ወደ ነሐሴ 30፣ ሌላውን ወደ መስከረም 1 ሲገፉት ኖረዋል። መስከረም 1 የተባለው ልጅ ደግሞ በዓመተ ምሕረቱም ላይ ለውጥ ተደርጎበታል፤ በአንድ ሳምንት ልዩነት የአንድ ዓመት ታናሽ ሆኗል። መዝጋቢዎቹን መውቀስ አይገባም። የዓምዱ ዓይነት እውነተኛውን መልስ የሚጽፉበት ቦታ አልሰጣቸውም።

ከመመዝገቡ ይልቅ ደግሞ ስሌቱ ይብሳል። ዴት የሆኑ ሁለት ዓምዶችን ስንቀናነስ ፖስትግሬስኪውኤል የቀናት ብዛት ይመልስልናል። ከነሐሴ 30 ቀን 2014 እስከ መስከረም 1 ቀን 2015 ስንት ቀን ነው? አምስቱን የጳጉሜን ቀናት ስለምናቋርጥ 6 ቀን ነው። በዴት ዓምድ የተቀመጡት ግን ዲሴምበር 30 እና ጃኑዋሪ 1 ሆነው ስለ ሆነ መልሱ 2 ይሆናል። ከጥቅምት 28 እስከ ኅዳር 1 ደግሞ 3 ቀን ነው፤ ማሽኑ በ2014 ዓ.ም. 1 ቀን ይለናል። ይህ ቁጥር የነፍሰ ጡር ክትትል የቀጠሮ ቀን ወይም የመድኃኒት መጨረሻ ቀን ሲሆን አስቡት። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የተሰላበት ነገር ግን ቀን አይደለም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት ዝነኛ ጽሑፍ የግንኙነት ሞዴልን ሲያስተዋውቁ እያንዳንዱ ዓምድ እሴቶቹን የሚያገኘው ዶሜን ከተባለ ስብስብ እንደ ሆነ ገልጸው ነበር። ሐሳቡ ዓምድ ማለት ባዶ ሣጥን ሳይሆን ምን እሴት ሊገባበት እንደሚችል አስቀድሞ የተወሰነለት ነገር ነው የሚል ነው። ሶፍትዌሮቹ ግን ለብዙ ዘመን ጥቂት የተዘጋጁ ዓይነቶችን ብቻ ይዘው ቆዩ፤ ሙሉ ቁጥር፣ የአስርዮሽ ቁጥር፣ ጽሑፍ፣ ቀን።

ማይክል ስቶንብሬከር እ.ኤ.አ. የ2014ን የቱሪንግ ሽልማት የተቀበሉ ሰው ናቸው። ኢንግረስ የተባለውን ዳታቤዝ ከሠሩት አንዱ ሲሆኑ፣ አንድ ደንበኛ ያቀረበላቸውን ቅሬታ በሽልማት ንግግራቸው ላይ ተርከውታል። ደንበኛው የቀን ዓይነታችሁ ተሳስቷል አላቸው። የሚሠራው በቦንድ ወለድ ላይ ስለ ነበር እያንዳንዱ ወር እኩል 30 ቀን ሆኖ እንዲቆጠርለት ይፈልጋል፤ ከፌብሯሪ 15 እስከ ማርች 15 ድረስ ለእርሱ 30 ቀን ነው። ኢንግረስ ግን የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ተከትሎ 28 ይለዋል። ደንበኛው የፈለገው የመቀነስን ምልክት ለራሱ ጊዜ በራሱ ትርጉም መጠቀም ነበር፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ይህን አይፈቅድለትም። ፖስትግሬስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲጀመር ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ተጠቃሚው የራሱን ዓይነት፣ የራሱን ፈንክሽንና የራሱን ኦፐሬተር እንዲጨምር መፍቀድ የሆነው ከዚህ ዓይነቱ ልምድ ተነሥቶ ነው። እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ባለ ሠላሳ ቀን ወር ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ማን አለ?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የምፈጥረው ፈንክሽን የኢትዮጵያን ዓመት፣ ወርና ቀን ተቀብሎ የዳታቤዙን ዴት የሚመልስ ነው። ቀኑን በጽሑፍ ዓይነት ተቀብሎ መተንተንም ይቻላል፤ እኔ አልመክርም። «10/1/2008» የሚል ጽሑፍ ቀኑ የቱ፣ ወሩ የቱ፣ አቆጣጠሩስ የማን እንደ ሆነ አይናገርም። ሦስት ሙሉ ቁጥሮች ስንቀበል ግን ቢያንስ የቱ የቱ እንደ ሆነ በመግለጫው ላይ በስሙ ተጽፏል። እግረ መንገዴን፣ ፖስትግሬስኪውኤል የፈንክሽንም ሆነ የዓምድ ስም በፊደላችን እንዲጻፍ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ፈንክሽኑን «ወደ_ጎርጎርዮስ» ብለን መሰየም እንችላለን። እኔ ተማሪዎቼ እንዲሞክሩት አበረታታለሁ፤ በሌላ አገር ሰው የሚጠገን ሥርዓት ከሆነ ግን አስቡበት እላለሁ።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቀላል ያደረገውም የአቆጣጠራችን መልክ ነው። አሥራ ሁለቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸው። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ደግሞ 6 ትሆናለች። ዘመነ ሉቃስ ማለት ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፍበት ዓመት ነው፤ 2011 እና 2015 እንደዚያ ነበሩ። ስለዚህ ከመስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፉት ቀናት ብዛት እንዲህ ይሆናል፦

365 × (ዓመት − 1) + ዓመት ÷ 4 + 30 × (ወር − 1) + (ቀን − 1)

ይህን ቁጥር በመነሻው ቀን ላይ መደመር ነው። መነሻው፣ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ወደ ኋላ ተዘርግቶ ሲቆጠር፣ ኦገስት 27 ቀን 8 እ.ኤ.አ. ነው። ፖስትግሬስኪውኤልም ቀኖችን የሚቆጥረው እንዲሁ አቆጣጠሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ ስለ ሆነ ይስማማሉ። በዴት ላይ ሙሉ ቁጥር ሲደመር ዴት ይመለሳል። በቃ፤ የፈንክሽኑ አካል ይህ ብቻ ነው።

አሁን በቀመሩ ውስጥ ያለውን የማካፈል ምልክት ተመልከቱ። ዓመት ÷ 4 ስል ቀሪውን የሚጥል ማካፈል ማለቴ ነው፤ 2014 ለ4 ሲካፈል 503 እንጂ 503.5 አይደለም። በፖስትግሬስኪውኤል ሁለት ኢንቲጀሮች ሲካፈሉ መልሱ ኢንቲጀር ይሆናል፤ ቀመሩም በትክክል ይሠራል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው የዓመቱን ፓራሜትር ኢንቲጀር በማለት ፈንታ ኑሜሪክ ብሎ ቢገልጸውስ? ቁጥር ቁጥር ነው፣ ኑሜሪክ ደግሞ ሰፊ ነው፣ ምን ይጎዳል ብሎ? በዚህ ጊዜ ማካፈሉ 503.5 ይሰጣል። የቀናቱን ብዛት የሚያሰላው ረዳት ፈንክሽን የሚመልሰው ኢንቲጀር ነው ተብሎ ከተገለጸ ደግሞ ዳታቤዙ ውጤቱን ወደ ኢንቲጀር ሲለውጥ አይቆርጠውም፤ ያጠጋጋዋል። 503.5 ወደ 504 ይወጣል። መልሱም አንድ ቀን ወደ ፊት ይዘልላል።

የዚህን ስሕተት ጠባይ እስቲ በዓመታት ላይ እንከታተለው። በ2012 ማካፈሉ ሙሉ 503 ነው፤ መልሱ ትክክል ነው። በ2013 503.25 ወደ 503 ይጠጋጋል፤ አሁንም ትክክል ነው። በ2014 ይሳሳታል። በ2015 503.75 ወደ 504 ስለሚጠጋጋ ይሳሳታል። በ2016 እና በ2017 እንደ ገና ይታረማል፤ በ2018 እንደ ገና ይሳሳታል። በወንጌላውያኑ ስም እናስበው ካልን በዘመነ ዮሐንስና በዘመነ ማቴዎስ ደኅና ነው፣ በማርቆስና በሉቃስ ይስታል። ፈንክሽኑን በዘመነ ዮሐንስ ጽፎ በዚያው ዓመት ቀኖች የሞከረ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ አንዳች ነገር አይታየውም። በስሌቱ ውስጥ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። የተለወጠው ከስሙ ቀጥሎ የተጻፈው ዓይነት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ፈንክሽኑን ከአንድ ሶፍትዌር ወደ ሌላ የሚያሻግሩ ሰዎች ይጠንቀቁ። በኤስኪውኤል ሰርቨር ኢንቲጀር ለኢንቲጀር ሲካፈል እንደ ፖስትግሬስኪውኤል ኢንቲጀር ነው። በማይኤስኪውኤል ግን በተለመደው የማካፈል ምልክት ሁለት ኢንቲጀሮች ቢካፈሉም መልሱ የአስርዮሽ ቁጥር ነው፤ ቀሪውን ለመጣል ዲቭ የሚባለውን ኦፐሬተር መጠቀም ያስፈልጋል። በኦራክልም ቀሪው እንዲጣል ከተፈለገ ፍሎር ወይም ትራንክ ብሎ በግልጽ መጻፍ ይገባል። እኔ በማንኛውም ሶፍትዌር ስጽፍ ፍላጎቴን በግልጽ እጽፋለሁ፤ የዓይነቱን ውሳኔ ለምልክቱ አልተውለትም።

በተቃራኒው ደግሞ ዓይነቱን ከሚገባው በላይ ማጥበብም ያስቸግራል። ወር ከ1 እስከ 13 ብቻ ነው፣ ቀን ከ1 እስከ 30 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትንሹ ሙሉ ቁጥር፣ ስሞልኢንት የሚባለው፣ ይበቃል ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስላል። ፓራሜትሮቹን ስሞልኢንት ብላችሁ ፈንክሽኑን ፍጠሩና በሦስት ተራ ቁጥሮች ጥሩት። ፖስትግሬስኪውኤል እንዲህ ዓይነት ፈንክሽን የለም ይላችኋል። ተማሪው ፈንክሽኑን በዓይኑ እያየው የለም ሲባል ግራ ይጋባል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በጥሪው ውስጥ የተጻፈ ተራ ቁጥር ኢንቲጀር ተብሎ ይወሰዳል። ፖስትግሬስኪውኤል ከጠባቡ ወደ ሰፊው ዓይነት ራሱ ይለውጣል፤ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ግን በፈንክሽን ጥሪ ጊዜ ሳይታዘዝ አይለውጥም። ፈንክሽንን የሚያውቀው በስሙ ብቻ ሳይሆን በስሙና በሚቀበላቸው ዓይነቶች በአንድነት ነው። ስለዚህም በአንድ ስም ልዩ ልዩ ዓይነት የሚቀበሉ ብዙ ፈንክሽኖች ሊኖሩ ይችላሉ፤ «የለም» ያለውም እንደ ጠራችሁት ያለ የለም ማለቱ ነው። ፓራሜትሮችን ኢንቲጀር አድርጉ፤ ገደቡን በሌላ ቦታ እናስቀምጠዋለን።

ስለሚመለሰው ዓይነትም አንድ ነገር ልበል። ፈንክሽኑን በኋላ ማሻሻል ብትፈልጉ አካሉን መተካት ትችላላችሁ። የሚመልሰውን ዓይነት ግን በመተካት ትእዛዝ መለወጥ አይቻልም፤ ፈንክሽኑን አጥፍቶ እንደ ገና መፍጠር የግድ ነው። በፈንክሽኑ ላይ የተመሠረተ ቪው ወይም ኢንዴክስ ካለ ደግሞ ማጥፋቱ ራሱ ይከለከላል። ዛሬ በችኮላ ጽሑፍ ይመልስ ብላችሁ የወሰናችሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ሥርዓቱን በሙሉ ይዞ ይቆማል።

ሦስተኛው የመግለጫው ክፍል ቃል ኪዳኑ ነው። በፖስትግሬስኪውኤል እያንዳንዱ ፈንክሽን ከሦስት ደረጃዎች አንዱን ይይዛል። ኢሚውተብል ከሆነ ለተመሳሳይ ግቤት ለዘለዓለም ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። ስቴብል ከሆነ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ብቻ አይለወጥም። ምንም ካልተባለ ደግሞ ቮላታይል ተብሎ ይቆጠራል፤ በማንኛውም ጊዜ ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጎርጎርዮስ የትኛው ቀን እንደ ሆነ ነገም አይለወጥም፤ ስለዚህ የእኛ ፈንክሽን ኢሚውተብል ነው። ይህን ማለታችን ጥቅም አለው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመዘገቡ ብዙ ረድፎች ያሉት ሠንጠረዥ ቢኖረን በፈንክሽኑ ውጤት ላይ ኢንዴክስ መሥራት እንችላለን፤ ዳታቤዙም ኢሚውተብል ላልሆነ ፈንክሽን ይህን አይፈቅድም።

የሰውን ዕድሜ የሚመልስ ፈንክሽን ግን ዛሬ ምን ቀን እንደ ሆነ ስለሚጠይቅ ኢሚውተብል ሊሆን አይችልም። አንዳንድ ሰው ኢንዴክስ እንቢ ሲለው መግለጫውን ብቻ ወደ ኢሚውተብል ይለውጠዋል፤ ዳታቤዙም ያምነዋል፣ ቃሉን አይመረምርም። ውጤቱ፣ ኢንዴክሱ ሲሠራ የነበረው ዕድሜ በኢንዴክሱ ውስጥ እንደ ተቀረጸ መቅረቱ ነው። በጠረጴዛችን ላይ 18 ዓመት የሞላት ወጣት በኢንዴክሱ ውስጥ ገና 17 ናት። በዚህ ምክንያት መነሻውን ቀን እንኳ ከጽሑፍ እየለወጡ ከማግኘት ይልቅ ሜክ ዴት በሚባለው ፈንክሽን ከሦስት ቁጥሮች መሥራት ይሻላል፤ ጽሑፍን ወደ ቀን መለወጥ በተጠቃሚው የቀን አጻጻፍ ምርጫ ላይ ሊመሠረት ስለሚችል ስቴብል እንጂ ኢሚውተብል አይደለም።

እስካሁን የተጠቀምነው የተዘጋጁ ዓይነቶችን ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2014 የሚባል ቀን እንደሌለ ግን እስካሁን ማንም አልተናገረም። ፈንክሽናችን ያለ ተቃውሞ አስልቶ መስከረም 1 ቀን 2015 የሚውልበትን ቀን ይመልሳል። እዚህ ላይ ነው የራሳችን ዓይነት የሚያስፈልገን።

በፖስትግሬስኪውኤል ሁለት መንገዶች አሉ፤ እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ እጠቀማለሁ። መጀመሪያ ዓመት፣ ወርና ቀን በቅደም ተከተል የያዘ ጥምር ዓይነት እፈጥራለሁ። ቅደም ተከተሉ ለውበት አይደለም፤ ዳታቤዙ ጥምር እሴቶችን የሚያወዳድረው ከመጀመሪያው መስክ ጀምሮ ስለ ሆነ ዓመት ከቀደመ፣ ወር ከተከተለ፣ ቀን ከመጣ፣ ቀኖቹ በራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ቀንን ካስቀደማችሁ የየወሩ መባቻ ሁሉ አንድ ላይ ይሰለፋል። ቀጥሎ በዚህ ጥምር ዓይነት ላይ ዶሜን እፈጥራለሁ፤ ከፖስትግሬስኪውኤል 11 ጀምሮ ይህ ይፈቀዳል። በዶሜኑ ላይ ደንቡን እጽፋለሁ፦ ወር ከ1 እስከ 13፤ ቀን ከ1 እስከ 30፤ ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ ከ5 አይበልጥም፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ግን እስከ 6 ይፈቀዳል። ከዚህ በኋላ ፈንክሽኑ ሦስት ቁጥሮችን ሳይሆን ይህን አንድ ዓይነት ይቀበላል። ጳጉሜን 6 ቀን 2014 ወደ ስሌቱ ከመድረሱ በፊት በደጃፉ ላይ ይመለሳል። ጥቅምት 30 ግን በሰላም ይገባል። የስቶንብሬከር ደንበኛ የፈለገውንም ማድረግ እንችላለን፤ ለዚህ ዓይነት የመቀነስን ኦፐሬተር በራሳችን ፈንክሽን መግለጽ ይፈቀዳል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ እርሱም ነል ነው። የኤስኪውኤል ቼክ ደንብ የሚጥለው ሐሰት የሆነውን ብቻ ነው። ያልታወቀ ሲሆን ያሳልፈዋል። ቀኑ ነል ከሆነ «ቀን ከ1 እስከ 30 ነው» የሚለው ጥያቄ መልሱ እውነትም ሐሰትም አይደለም፤ ስለዚህ እሴቱ ይገባል። ብዙ መማሪያዎች እዚህ ላይ ነልን በሙሉ ከልክሉ ብለው ይዘጉታል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ቢያንስ ለልደት ቀን አልስማማም። በአገራችን ዓመቱን እንጂ ቀኑን የማያውቁ፣ ወይም በዓመቱና በአንድ ክብረ በዓል አካባቢ ብቻ የሚያስታውሱ ብዙ አረጋውያን አሉ። ነልን ብንከለክልባቸው መዝጋቢው መስከረም 1 ብሎ ይሞላላቸዋል፤ ከጳጉሜን ልጆች የወጣነውን ጉድጓድ በሌላ በኩል እንገባበታለን። ስለዚህ ለልደት ወርና ቀን ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ዓመቱ ግን አይቀርም የሚል ዶሜን፤ ለናሙና መቀበያ፣ ለቀጠሮና ለክፍያ ደግሞ ሦስቱም የግድ ናቸው የሚል ሌላ ዶሜን እፈጥራለሁ። አንዱ ጥምር ዓይነት ሁለት ዶሜኖችን ይሸከማል።

ባዶ እንዲሆን ከፈቀድን ፈንክሽኑ ምን እንደሚያደርግ መወሰን አለብን። ስትሪክት ብለን ብንገልጸው ግቤቱ ነል ሲሆን ሳይሠራ ነል ይመልሳል። ነገር ግን ዓመቱ ተሞልቶ ቀኑ ብቻ ባዶ የሆነ ጥምር እሴት ራሱ ነል አይደለም፤ ስለዚህ ፈንክሽኑ ይሠራል፣ ስሌቱ ውስጥ ነል ስላለ ውጤቱ ነል ይሆናል። በሁለቱም መንገድ አንድ ቦታ ደረስን። ችግሩ ቀጥሎ ነው፤ «ዕድሜአቸው ከ60 በላይ የሆኑትን አምጣ» የሚል ጥያቄ እነዚህን ሰዎች ሳይናገር ይተዋቸዋል፤ ያልታወቀ መልስ ያለው ረድፍ አይመጣምና። በ1935 ዓ.ም. ተወለድሁ ያሉ አዛውንት ቀናቸውን ስላላወቁ ብቻ ከዝርዝሩ ይጠፋሉ። መፍትሔው ከአንድ ፈንክሽን ይልቅ ሁለት ማድረግ ነው፦ አንዱ ሊሆን የሚችለውን የመጀመሪያ ቀን፣ ሌላው ሊሆን የሚችለውን የመጨረሻ ቀን ይመልሳል። ዓመት ብቻ ከታወቀ መስከረም 1 እና ጳጉሜን 5 ወይም 6 ይሆናሉ። ጠያቂው ለየትኛው ዓላማ የትኛውን እንደሚወስድ ራሱ ይምረጥ፤ ምርጫው በጥያቄው ላይ ተጽፎ ይታያል።

ታዲያ በሠንጠረዡ ውስጥ የትኛውን እናስቀምጥ? የሆነ ነገር የሆነበት ቀን ከሆነ፣ ማለትም ምዝገባ፣ ናሙና፣ ክፍያ ከሆነ፣ ዴት አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ሲገባ በፈንክሽኑ ይለወጥ፣ ሲታይ በተገላቢጦሹ ይመለስ። ቀኑ አንድ ነው፣ ሁለት የሆነው ስሙ ነው። ሰው የተናገረው ቃል ከሆነ ግን፣ ልደት እንደ መሆኑ፣ እንደ ተናገረው በራሳችን ዓይነት ይቀመጥ።

ተገላቢጦሹም ያማረ ነው። ከመነሻው ያለፉትን ቀናት ቁጥር ቢሉት፣ ዓመቱ (4 × ቁጥር + 1463) ÷ 1461 ነው፤ እንደ ገና ቀሪውን በሚጥል ማካፈል። 1461 የአራቱ ወንጌላውያን ዓመታት ቀናት ድምር ነው። ከዓመቱ መጀመሪያ የተረፉትን ቀናት ለ30 አካፍሎ አንድ መጨመር ወሩን፣ የቀረው ላይ አንድ መጨመር ቀኑን ይሰጣል። ጳጉሜን ያለ ምንም ልዩ ሁኔታ ራሷ 13 ሆና ትወጣለች።

የመጨረሻው ጉዳይ ፈተና ነው። ከ1801 እስከ 2200 ዓ.ም. ያሉትን 146,100 ቀናት በሙሉ ወስዶ ወደዚያ ለውጦ መመለስና መነሻውን ማግኘቱን ማረጋገጥ ይቻላል፤ ይህ ለተራ ኮምፒዩተር ትንሽ ሥራ ነው። ሆኖም ሁለቱም ፈንክሽኖች በእኩል መጠን ቢሳሳቱ ይህ ፈተና ያልፋቸዋል። ስለዚህ ከውጭ የታወቁ ቀኖች ያስፈልጋሉ። መስከረም 1 ቀን 2000 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። ሦስተኛው ዓድዋ ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማርች 1 ቀን 1896 መሆን አለበት። በዘመናችን የድሉን በዓል የምናከብረው ማርች 2 ላይ ስለ ሆነ፣ ልዩነቱን እንደ ቋሚ ቁጥር ወስዶ የሚቀንስ ፈንክሽን ጦርነቱን በአንድ ቀን አዘግይቶ ማርች 2 ቀን 1896 ይላል። በመካከሉ እ.ኤ.አ. 1900 አለ፤ በጎርጎርዮስ ያ ዓመት ፌብሯሪ 29 አልነበረውም፣ በእኛ ግን ስድስተኛዋ ጳጉሜን አልቀረችም። እ.ኤ.አ. በ2100 ይኸው እንደ ገና ስለሚሆን በዓሉ ከዚያ ወዲህ ማርች 3 ላይ ይውላል። የእኛ ቀመር ሁለቱንም ያለ አንዳች ተጨማሪ ደንብ ያልፋል፤ የጎርጎርዮስን መዘርዝር ለዴት ዓይነቱ ትቶ እርሱ ቀናትን ብቻ ይቆጥራልና።

የሰዓቱን ነገር፣ ከማለዳ ጀምሮ የምንቆጥረውን ማለቴ ነው፣ ሆን ብዬ አልነካሁትም፤ የሰዓት ክልልን የሚይዙ ዓይነቶች ለብቻቸው አንድ ንግግር ይፈልጋሉ። ጥያቄ ያላችሁ ካላችሁ እቀበላለሁ።